የማይሞላው ጉድጓድ

ዱላው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያርፍበት ፎርማን ገበየሁ የአሸዋው ክምር ላይ በግንባሩ ተደፋ። የመታው ክንዴ የተባለ ገበሬ ነው። ከኋላው ከጅረቱ ማዶ የመጡ ጎረቤቶቹ ዱላና ድንጋይ ይዘው የሚገነባውን ሕንፃ ግቢ ሞልተውታል። አንድ ድንጋይ ጥበቃውን ከንፈሩ ላይ አግኝቶት ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ተቀመጠ። ሶሌታውን፣ የፎቁን ወለል ኮንክሪት፣ የሚሞሉት ሠራተኞች የሚሸከሙበትን ባሬላ ጥለው ድንጋዩን ሽሽት እዚያው ላይ ተኙ። ኮንክሪት የሚያቦካውን ሚክሰር ግን ማን ያጥፋው፣ መዞሩን ቀጥሏል።

የሳይቱ ሥራ አስኪያጅ ሰርክአዲስ ከቢሮዋ ሮጣ ወጣች። የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት፤ እንጅባራ ከመጣች ዓመት ቢሞላትም የአገሩን የአገው ቋንቋ፣ አውኛን፣ አትሰማም። ክንዴ ደግሞ የሚጮኸው በአውኛ ነው፤ የተቆጣ ሰው በእናቱ ቋንቋ ነው የሚሳደበው።

"ፈረሴን ገደላችሁት ነው የሚል" አለቻት ደብሪቱ፣ ውሃ የምታቀብለው የቀን ሠራተኛ። "ከጅረቱ ጠጥቶ አፉ ተላልጦ ሞተ።"

"የእኛ ውሃ ጅረት አይገባም። ጉድጓድ አለን።"

ይህን ያለችው አፏን ሞልታ ነው። ድርጅቱ አካባቢ የማይበክል ግንባታ የሚል መመሪያ ሲያወጣ ሌሎቹ ሳይቶች ሲስቁ እሷ የምሯን ይዛው ነበር። የሲሚንቶና የኬሚካል እጣቢ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አስቆፈረች። ከዚያም የራሷን ሕግ ጨመረችበት፦ ጉድጓዱ ሞልቶ ከፈሰሰ ፎርማኑ ከሥራ ይባረራል። ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱ አንድም ቀን አልሞላም። ፎቶውን በቴሌግራም ለዋናው ቢሮ ትልካለች፣ ባሕር ዳር በተደረገ ስብሰባ ላይም ተጨብጭቦላታል። ቀን ሙሉ እጣቢ የሚደፋበት ጉድጓድ ለምን እንደማይሞላ ግን አልጠየቀችም። ሰው ያስመሰገነውን ነገር መች ይመረምራል!

ገበየሁን ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው። ጆሮው ተተልትሎ ደሙ ከአሸዋው ጋር ተለውሷል።

"ውሃው የት ነው የሚሄድ?"

"ቱቦ ቀብሬያለሁ" አለ ዓይኑን ሰብሮ። "ወደ ጅረቱ።"

"ለምን አልነገርኸኝም?"

"ከሞላ ትባረራለህ አልሽኝ እንጅ ሲሞላ ምን እናድርግ መች አልሽኝ?"

በጥፊ ልትለው እጇን አነሣች። ግን እውነቱን ነው፤ እውነት መሆኑም ከዱላ ይልቅ አንገበገባት። ክንዴ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰነዝር መካከል ገባች፣ ዱላው ክንዷ ላይ አረፈ። አጥንቷ ሲሰበር ራሷ ሰማችው።

ደብሪቱ ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ ክንዴ እግር ሥር አነጠፈችው፤ "ስለ ሥላሴ" አለችው። የሴት ነጠላ ተረግጦ አይታለፍም። ክንዴ እንደ ወናፍ እየተነፈሰ ቆመ። አሁን የተናገረው በአማርኛ ነው።

"ፈረሱስ ፈረስ ነው። ልጆቻችን ከዚያው ነው የሚቀዱ። አሁንም እየፈሰሰ ነው።"

ገበየሁ የሰርክአዲስን ሱሪ ጫፍ ያዘ። እስከ ማታ እንዲታገሡ ለምኚያቸው፣ ሽማግሌ ይግባ፣ ካሣም ይቆረጥ እያለ በሹክሹክታ ተማጠናት። "ሶሌታው ገና ግማሽ ነው" አላት። "እዚህ ላይ ከቆመ ፈርሶ ነው የሚሠራ። አንቺንም አያቆዩሽም።"

ይህን ከእሱ የበለጠ ታውቃለች። ሶሌታ ከተጀመረ አይቆምም፤ ያቆመ ሥራ አስኪያጅም ሌላ ሳይት አያገኝም። ሚክሰሩ እስከዞረ ድረስ ግን እጣቢው ወደ ጅረቱ መፍሰሱን አያቆምም፤ ልጆቹ ውሃ የሚቀዱት ደግሞ ወደ ማታ ነው።

የተሰበረ ክንዷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ድንጋይ በያዙት ሰዎች መካከል አለፈች። ማንም መንገድ አልለቀቀላትም፣ ማንም ግን አልነካት። በደኅናው እጇ ሚክሰሩን አጠፋችው። ከዚያም ቀና ብላ ሶሌታው ላይ የተኙትን ሠራተኞች ውረዱ አለቻቸው።