የኛኩዎል ቢም

በሪሁን ከጎሬ ወርዶ ጋምቤላ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሙያው አናጢነት ሲሆን ከረጅም ጊዜ ጀምሮም በቴክኒክ ኮሌጁ ያስተምራል። በከተማው ሰፊ ጣሪያ መሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው እሱን ነበር። ኛኩዎል ከአዲስ አበባ እስክትመለስ ድረስ ማለት ነው።

ኛኩዎል ተማሪው ነበረች። የእንጨት መላጊያ አያያዝ እንኳ ያሳያት እሱ ነው። በኋላ እሷም በኮሌጁ መምህር ሆነች። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን በአዲስ አበባ የስድስት ወር የሥልጠና ዕድል ሲመጣ ሁለቱም አመለከቱ፤ የሄደችው ግን እሷ ናት። ስትመለስ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ወርክሾፕ ከፈተች። ቀጫጭን ጣውላዎችን ውኃ በማይፈታው ኮላ እያነባበረችና በሞርሳ እያጣበቀች ጣሪያ የሚሸከም ረጃጅም ቢም ታወጣለች። ጉጥ ያለበትን ጣውላ ቆርጣ ትጥላለች፤ ትንንሽ ጉጥ ቢቀር እንኳ በየንብርብሩ ስለሚበታተን አንድ ቦታ አይገናኝም።

በሪሁን በዚያ ወርክሾፕ በር ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። የድሮ ደንበኞቹ እዚያ ቆመው ሲያወሩ ሲያይ እርምጃውን ያፈጥናል። ባለቤቱ እሙዬ አንድ ቀን፣ «ያቺ ተማሪህ እኮ እጇ ወርቅ ነው» ብትለው ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

በዚህ መሐል አንድ ቤተ ክርስቲያን ከባሮ ዳርቻ ራቅ ብሎ የመሰብሰቢያ አዳራሽ መሥራት ጀመረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ፓስተር ዊሊያም በሪሁንንም ኛኩዎልንም ጠሩ።

«ለጣሪያው ሁለታችሁም አንድ አንድ ቢም አምጡ» አሉ። «እዚሁ እንፈትናለን። ውፍረቱ እኩል ይሁን፤ ድጋፎቹም በስድስት ሜትር ይራራቁ። ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ መሐሉ ላይ ስንጭን ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ የጎበጠ ይወድቃል። ከዚያ ደግሞ ጭነቱን ጨምረን የትኛው ቀድሞ እንደሚሰበር እናያለን።»

«መጉበጡ ለምን አስፈለገ? ዋናው አለመሰበሩ አይደለም?» አለ ከኮሚቴው አንዱ።

«ሳይሰበር የሚጎብጥ ጣሪያም አለ» አለች ኛኩዎል። «ቆርቆሮው ይከፈታል፤ ዝናብ ይገባል። ጥንካሬ ብቻውን አይበቃም።»

በሪሁን ይህን ራሱ በክፍል ውስጥ ሲለው ኖሯል። ከእሷ አፍ ሲሰማው ግን የተሰረቀ መሰለው።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ሁለቱም ቢሞች ጎን ለጎን በብሎኬት ላይ ተጋደሙ። የበሪሁን ከአንድ ወፍራም ባሕር ዛፍ የተጠረበ ነው። ርቀቱን ኛኩዎል ራሷ ለካች። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲከብድ ሰው ሁሉ ለምሳ ተበተነ። ጥበቃው ሩአችም ገላውን ሊታጠብ ወደ ወንዙ ወረደ።

በሪሁን ብቻውን ቀረ። እጁን በኛኩዎል ቢም ላይ ሲያሳልፍ የንብርብሩ መገጣጠሚያ አልዳሰስ አለው። እሱ በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አልሠራም። ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ የቢሙን ጫፍ በብረት መፈንቀያ ደግፎ አነሣና ብሎኬቱን በእግሩ ወደ ውጭ ገፋው። የገፋው ከግማሽ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ቢሙ ከድጋፎቹ አልፎ የሚወጣ ትርፍ ስለነበረው ማንም ልብ አይለውም።

አሥር ሰዓት ላይ ፈተናው ተጀመረ። የበሪሁን ቢም በሃያ ከረጢት አንድ ነጥብ ስምንት ሳንቲ ሜትር ጎበጠ። የኛኩዎል ደግሞ ሁለት ነጥብ አንድ።

ሰዉ አጉረመረመ። በሪሁን ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታወቅበት አንገቱን ደፋ።

ኛኩዎል ደብተሯን ገልጣ ቆየች። «ይህ ሊሆን አይችልም» አለች። «አንድ ነጥብ ስድስት ነው መሆን ያለበት።»

«እንጨት ሁልጊዜ እንደ ደብተር አይሆንም» አለ በሪሁን።

«ልክ ነው። ግን ኮላው አልተላቀቀም፤ ጣውላውም አልተሰነጠቀም። መጉበጡ እንዲህ ከጨመረ ርቀቱ ጨምሯል ማለት ነው።» ሜትሯን አወጣች። «ርቀት ትንሽ ሲጨምር መጉበጡ በብዙ እንደሚጨምር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ለካችው። ስድስት ሜትር ከሃምሳ ሰባት ሳንቲ ሜትር ሆነ።

ፓስተር ዊሊያም ወደ ጥበቃው ዞሩ። «ሩአች፣ ማን ነው የነካው?»

«አላየሁም፣ ፓስተር። ወንዝ ነበርኩ።»

«ሥራህን ትተህ? እንግዲያውስ ዕቃህን ሰብስብ፤ ከነገ ጀምሮ አትመጣም።»

ሩአች አራት ልጆች አሉት፤ በሪሁን ያውቃቸዋል። ዝም አለ። ሩአች ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያነሣም ዝም አለ። ሰውየው የግቢው በር ጋ ሲደርስ ግን የበሪሁን ድምፅ ሳያስበው ወጣ።

«እሱ አይደለም። እኔ ነኝ የገፋሁት።»

ሩአች በሩ ጋ ቆመ። ኛኩዎል አየችው፤ ያ አስተያየት ከስድብ የከፋ ነበር።

«ለምን?» አለች በመጨረሻ።

«ቀናሁብሽ» አለ።

ብሎኬቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቢሟ በሃያ ከረጢት አንድ ነጥብ ስድስት ጎበጠ። ቀጥሎ ሁለቱም ላይ ጭነት ተጨመረ። የበሪሁን ከታች በኩል አንዲት ጉጥ ነበረችበት። አርባ ስድስተኛው ከረጢት ሲጫን ከጉጧ ጀምሮ በታላቅ ድምፅ ተሰነጠቀ። የኛኩዎል ስድሳ ተሸክሞ ቆመ። የጣሪያው ሥራ ለእሷ ተሰጠ፤ ሩአችም በቦታው ቀረ።

በሳምንቱ በሪሁን ወርክሾፗ ሄደ። ኮላ እየቀባች ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ዛሬ አልችልም፣ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል። «ሌላ ቀን ይምጡ ልልዎትም አልችልም።»

ተመልሶ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ ሥራ ብዙ አልመጣለትም፤ ነገሩ በከተማው ተሰምቶ ነበር። በኮሌጁም ሲገናኙ ከሰላምታ አያልፉም።

አዳራሹ በኅዳር ተመረቀ። በሪሁን ከእሙዬ ጋር መጥቶ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠ። መዝሙሩ ሲዘመር ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነበር፤ ከአንዱ ቢም ወደ ሌላው እየሄደ የተላቀቀ ቦታ ይፈልጋል። ክረምቱ በሙሉ ዘንቦበት አንድም ክፍተት አልነበረውም። ምን እየፈለገ እንደነበር ሲገባው ፊቱ ጋለ።

ሲወጡ ከኛኩዎል ጋር በሩ ላይ ተገጣጠሙ።

«ሥራሽ ከእኔ ይበልጣል» አላት።

ኛኩዎል ቀና ብላ አየችው።

«ሰምቻለሁ» አለች፤ ከዚያም ለእሙዬ እጇን ዘርግታ ሰላም አለቻት።