ከታች የሚዘምረው

የጉድጓድ ቆፋሪ ሚስት ሆና ጸጥታ የምትወድ የለችም። ሥራችን ደንብ አለው፦ ታች ያለው ሰው እየቆፈረ ይዘምራል፤ ድምፁ ከተቋረጠ አየሩ ከድቶታል ማለት ነውና ላይ ያለው ገመዱን ይስባል። ባሌ የሚያውቃት መዝሙር አንዲት የምስጋና መዝሙር ብቻ ናት። እሷንም አበላሽቷታል። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከሰርጋችን ጀምሮ ስስቅበት ኖሬያለሁ።

የዚያን ቀን በሳሙና ፋብሪካው ጓሮ ገመዱን የያዝነው እኔና ወንድሙ ነበርን። ወንድሙን ሬዲዮ እንለዋለን፤ አፉ አይዘጋም። ከቀትር በኋላ መሬቱ አጉረመረመና የጉድጓዱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተናደ። ገመዱን ስንስብ ተበጥሶ ባዶውን መጣ። መዝሙሩ የለም። ሬዲዮም ጭጭ አለ፤ ከልቤ የፈራሁት ያኔ ነው።

ሬዲዮ ከፋብሪካው ሠራተኞች ጋር ወርዶ መሃሉን ይቆፍር ጀመር። አንድ ባልዲ አፈር ባወጡ ቁጥር ሌላ ይናድባቸዋል። የፋብሪካው መሐንዲስ «እናንተም ሳትቀበሩ ውጡ» አላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን በጥፊ ባጮልኩት ደስ ባለኝ።

ይሄን ጊዜ አማቴ ደረሱ። አላለቀሱም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክከው፣ «ጌታዬ፣ እኛ ጨርሰናል፤ አንተ ግን አልጨረስክም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የልጄን መዝሙር እንዘምርለት» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «እማዬ፣ ምን አድርጎልኝ ነው የማመሰግነው?» አልኳቸው።

«እስከ ዛሬ ላደረገልሽ። የቀረውን ለእሱ ተይው።»

ጥርሴን ነክሼ በንዴት ጀመርኩ። እየዘመርኩ ሳለ ንዴቱ አለቀብኝና ልመና ብቻ ቀረኝ፤ ያንተው ነው፣ አንተው ያዝልኝ እያልኩ። ያኔ ከታች አንድ ድምፅ ተቀበለን።

ሬዲዮ «ወንድሜ አለ፣ በሕይወት አለ!» እያለ አለቀሰ። እኔ ብቻ ደርቄ ቀረሁ። ድምፁ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ደረሰና ሳይሰነጠቅ፣ ጥርት ብሎ አለፈው። የባሌ አልነበረም። ደግሞም የሚመጣው ከሚቆፈረው መሃል ሳይሆን ከግድግዳው ሥር፣ ማንም ካላሰበው ጥግ ነበር። ፀጉሬ ቆመ።

የሱ ድምፅ አይደለም ብል መቆፈሩን ይተዋሉ። ዝም ብል ደግሞ ባሌን ለማላውቀው ድምፅ አሳልፌ መስጠቴ ነው። አማቴን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ።

«መሃሉን ተወው፤ ድምፁን ተከተል» አልኩት ሬዲዮን።

ግድግዳው ሥር ሲቆፍሩ ባሌን አገኙት። ለግድግዳው ድጋፍ ያወረድነው የኮንክሪት ቀለበት አጋድሎ እንደ ጣሪያ ሆኖለት፣ እግሩን አጥፎ ተኝቷል። ሬዲዮ ፊቱን ጠረገለትና ቀና ብሎ አየኝ፤ እሱም አመድ መስሏል። የወንድሙ አፍ በአፈር ተደፍኖ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነበር። መዝሙሩ ግን እዚያው አጠገቡ ቀጥሏል። የቆመው ባሌን ስበን ካወጣነው በኋላ ነው።

ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ መናገር ሲችል መጀመሪያ የጠየቀው፣ «አጠገቤ የነበረውን ሰውዬስ አወጣችሁት?» ብሎ ነው። ሬዲዮ ወደ በሩ አፈገፈገ። አማቴ ግን ልጃቸውን ግንባሩን ሳሙትና ተመስገን አሉ።

ባሌ ዛሬም ይቆፍራል፤ ዛሬም ያቺኑ መዝሙር ያበላሻል። እኔ ገመዱን ይዤ አዳምጣለሁ። አንዳንዴ ትንፋሽ ሲያጥረው መዝሙሩን ያቆማል፤ በደንቡ ያኔ መሳብ አለብኝ። መዝሙሩ ግን አይቋረጥም። ያ ጥርት ያለ ድምፅ ከፍ የሚለውን ቦታ አልፎ፣ ባሌ እስኪመለስበት ድረስ ይዞለት ይቆያል። ጀርባዬን ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ገመዱን ግን አልስብም።