መሪ ላይ የሚታሰረው ገበታ

ባሌ አናጺ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን አንዳንዴ ያበግነኛል። አንድ ሐሳብ ከያዘው ያዘው ነው፤ ቢጠሩት አይሰማ፣ ቢቆጡት አይመለስ።

ሰሞኑን የያዘው የታናሽ ወንድሜ ነገር ነበር። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ጨጓራው አልቋል። ሐኪሙ "በሰዓቱ ካልበላህ እኔ የለሁበትም" ብሎታል። ባሌ ታዲያ መሪ ላይ የሚታሰር ትንሽ የእንጨት ገበታ ሠራለት። የሰሃን ማስቀመጫ አለው፣ የኩባያ ቀዳዳ አለው፣ ከሥሩ ደግሞ መሪውን ጨምድዶ የሚይዝ፣ በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ አለው። የሞከረው ጎማዋ ወልቆ ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ላይ በተቀመጠችው አሮጌ መኪናችን ነው። ሾርባ ሞልቶ አስቀመጠበት፤ ጠብ አላለም።

"አየሽ!" አለኝ እየፈነደቀ።

"ኧረ የኔ ጌታ፣ መኪናዋ መቼ ሄደችና ይፈሳል?" ብዬ ሳቅሁበት። ምነው ያኔ ስቄ ባላለፍኩ!

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ መጥቶ ገበታውን ወሰደ። ባሌ አስተሳሰሩን አሳየው። "ምሳህ ሲደርስ ሙጭጭ እስኪል አጥብቀው። ግን አደራ፣ መኪናውን አቁመህ ነው የምትበላው።"

"ጋሼ ደግሞ! ለመቆም ማን ጊዜ ይሰጠኛል? አለቃዬ በየደቂቃው የት ደረስክ ነው የሚለኝ" ብሎ ሄደ።

ምሳ ሰዓት ላይ ባሌ ሁለተኛ ገበታ ሠርቶ ጨርሶ አሮጌዋ መኪና ላይ አሰረው። "እስቲ ምሳሽን እዚያ ብዪና ንገሪኝ" አለኝ። ገብቼ ሰሃኔን አስቀመጥኩ። እንደ ሹፌር ልሁን ብዬ መሪውን ወደ ግራ አዞርኩት። ገበታው አብሮ ዞረና ጠርዙ ጭኔና በሩ መሃል ተቀረቀረ። ብመልሰው እምቢ፣ ብገፋው እምቢ። ምሳዬ ጉልበቴ ላይ ተደፋ። ብሎኑን በሁለት እጄ ስታገለው ጣቴ ተላጠ። አናጺ አይደል! የያዘው እንዳይነቃነቅ እንጂ ቶሎ እንዲፈታ መች አስቦ ያውቃል?

ይህ ሰዓት ወንድሜ የተራራውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርድበት ነው። ስልኬን አነሳሁ። ደወልኩ።

"እታለም! ጋሼን እጅህ ይባረክ በይልኝ። እየበላሁ ነው፣ ሰሃኑ ፍንክች አላለም!"

"ቆመሃል?"

"የምን መቆም? ቁልቁለቱን ጀምሬዋለሁ። ኩርባው ገና ነው።"

"ፍታው! ሲዞር ይቀረቀራል!"

"ምን? ሞተሩ ይጮሃል፣ አልሰማሁሽም።"

"ገበታውን ፍታው! አይ፣ መጀመሪያ አቁም! ስልኩን ጣለው!" የምለው ጠፋኝ።

"ቆይ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ላስጠጋው።"

በአንድ እጁ ማንኪያ ይዟል። ሁለተኛውን እኔ ደውዬ ወሰድኩበት። ብዘጋው ነገሩን ሳይሰማ ሊቀር ነው፤ ባልዘጋው እጁ አይፈታም። ፈጣሪዬ፣ ምን አባቴ ላድርግ?

ባሌ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "ወደደው?" አለኝ።

"ዝም በል!" ብዬ ጮህኩበት።

ከስልኩ ውስጥ የወንድሜ ድምፅ መጣ። አሁን ሳቅ የለበትም።

"እታለም፣ ይሄ መሪ አልዞር አለኝ።"