የታጠበው ካባ

በሩን በጉልበቷ ገፍታ ስትገባ የንጉሡ ካባ መስኮቱ ሥር ተሰቅሎ አየችው። ነጭ ሆኗል። የጭቃ ባልዲዋን እንደያዘች እዚያው ደርቃ ቀረች።

"ገና ትንሽ እርጥበት አለው" አለ ባሏ ከማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ብቅ ብሎ። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል። ፊቱ ላይ ከዓመት በላይ ያላየችው ፈገግታ አለ። "ትላንት ደክሞሽ እንደዚያው ጥለሽው ስትሄጂ አየሁና፣ በጠዋት ገብቼ ልገላግላት አልኩ። በእጄ ነው ያሸሁት፤ ማሽን ቢነካው ሱፉ ይኮማተር ነበር። እስቲ ነይ እይው፤ አንዲት ነጠብጣብ ካገኘሽበት ምን አለ በይኝ።"

ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

በዚህ ፊልም ላይ የእሷ ሥራ አዲሱን ልብስ ማስረጀት ነው። ከስፌት የወጣውን ቀሚስ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለች፣ አንገትጌውን በቅባት ታወዛለች፣ ጫፉን በአፈር ታሻለች። የጥንት ነገሥታትና የዘንዶ ታሪክ ነው፤ ገንዘብ እንደ ውሃ የሚፈስበት ፊልም። ሠራተኛው ሁሉ "እሜቴ ጭቃ" ይላታል፤ እሷም ትስቃለች። ትላንት ንጉሡ በጦር ሜዳ ተንበርክኮ የሚሞት ወንድሙን አቅፎ ነበር። ወንድምየው ነፍሱ ስትወጣ የንጉሡን ደረት ጨበጠ፤ ደም የነካ እጁ ነጩ ካባ ላይ ቁልጭ ብሎ ታተመ። ዛሬ ንጉሡ ከዚያው ከጭቃው ተነስቶ ዘንዶውን ይረግማል። ተመልካቹ ዘንድ በሁለቱ መካከል አንድ ትንፋሽ ነው ያለው። ከመጋረጃው ጀርባ ግን አንድ ሌሊት አልፏል፤ በዚያ ላይ ባሏ ሳሙና ይዞ ገብቷል።

ሌላ ካባ የለም። አብሮት የተሰፋው መንትያው ለእሳቱ ትዕይንት ሲባል ግማሹ ተቃጥሏል።

"ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?" አለ ባሏ።

የልብስ ስፌት ሱቁን ከዘጋ ወዲህ ያለፈው ዓመት ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። የተዘጋጀ ልብስ በርካሽ መሸጥ ሲጀምር ደንበኞቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መስኮት ዳር ይቆም ነበር። እንግዳ ሲመጣም አያወጣቸውም፤ ሥራ የፈታ እጅ ለሰው ማሳየት ያሳፈረው ይመስል። ይህን የአጣቢነት ሥራ ያገኘችለት የአልባሳት ኃላፊዋን ለምና ነው። ኃላፊዋም "ያንቺ ቃል ይበቃኛል" ብላ ተቀበለችው። "ሕጉን ግን ታውቂያለሽ። የዋና ተዋናይ ልብስ ያለ ፈቃድ የነካ፣ በዚያው ዕለት ሻንጣውን ይዞ ይወጣል።" ሴትዮዋ ክፉ ሆና አይደለም። በሌላ ፊልም ላይ አንድ ቀበቶ ጠፍቶ ሠራዊቱ ሁሉ ከነፈረሱ ያለ ሥራ ፀሐይ ላይ ሲንቃቃ እንደዋለ፣ ጣጣውም ምንም በማያውቁ ሰዎች ላይ እንደወደቀ ሁሉም ያውቃል።

ሕጉን ለባሏ ነግራዋለች፤ የወታደሮቹን ካናቴራ ብቻ እንዲያጥብም ነግራዋለች። ጭቃውም ልብስ መሆኑን ግን አልነገረችውም። ለእሷ ይሄ ይነገራል ብላ የምታስበው ነገር አልነበረም።

"ይሄ ቆሻሻ መታጠብ አልነበረበትም" አለችው ቀስ ብላ።

"እንዴት ቆሻሻ አይታጠብም?"

"ቆሻሻ አይደለማ። ሥራዬ ነው።"

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። ቀስ በቀስ ነው የለቀቀው። ካባውን አየ፣ ባልዲዋን አየ፣ ከዚያ የራሱን እጆች አየ።

"ሄጄ ልንገራቸው" አለ።

"ዝም በል። አንተ ማድረቂያውን አምጣ።"

የትላንቱን ፎቶዎች ከፍታ ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ጭቃውን በጣቷ እየረጨች፣ በስፖንጅ እየመታች፣ በብሩሽ እየጎተተች ከጫፉ ወደ ላይ ወጣች። ባሏ የፀጉር ማድረቂያውን ይዞ ከኋላዋ ይከተላል። እጁ አንዴም አይስትም፤ የጨርቅ ነገር ሲሆን ድሮም እንዲህ ነው።

"ነፍሷን ይማርና እናቴ ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር" አለ። "በነጭ ልብስ ላይ ጭቃ ስቀባ።"

"በጥፊ ትልህ ነበር። አሁን ብብቱ ሥር ያዝልኝ።"

ጭቃው ትላንትን መሰለ። የቀረው የወንድምየው የእጅ አሻራ ነው።

ወንድምየው ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ትላንት ከሞተ ወዲህ ሥራው ስላለቀ በጠዋት አውሮፕላን ተሳፍሯል። ግዙፍ ሰው ነው። የእሷ እጅ ከእሱ አሻራ ጋር ሲነጻጸር የሕፃን ነው። ሁለቱም የባሏን እጅ አዩ።

"ትንሿ ጣቴስ?" አለ።

ትንሿ ጣቱን የሱቁ የብረት መዝጊያ ሰብሮበት ወደ ውጭ ተጣማ ነው የጠገገችው።

"ያዛት፣ ወደ ውስጥ ግፋት።"

ወፍራሙን የፊልም ደም መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። ትንፋሹን ይዞ ካባውን ደረቱ ላይ ተጫነው፤ ቀስ ብሎም አነሳ። አራቱ ጣቶች ልክ ናቸው። አምስተኛዋ ግን ከእህቶቿ ተኮራርፋ እንደሄደች ሁሉ ወደ ጎን ወጥታለች። በእርጥብ ጨርቅ ልታርማት ስትሞክር ደሙ መስፋት ጀመረ፤ እጇን መለሰች።

ወገቧ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። "አልባሳት፣ ካባው የት ደረሰ? ንጉሡ በካናቴራ ብርድ እየመታው ነው።"

"መጣሁ" አለች።

ሜዳው ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ጉድጓድ ነው። ዳር ዳሩን በእንጨትና በስፖንጅ የተሠራ ግንብ ከብቦታል። ጦረኞቹ ከሱፍ የተሠራ፣ ብረት እንዲመስል ብርማ ቀለም የተነፋበት ጥሩር ለብሰው፣ በነጠላ ጫማ ቆመው ስልካቸውን ይነካካሉ። ዘንዶው ደግሞ ኋላ በኮምፒውተር እስኪሳል ድረስ አንድ ሰውዬ በረጅም ዘንግ ጫፍ የሚይዘው ቢጫ ኳስ ነው።

"እሜቴ ጭቃ፣ ዛሬስ ንጉሡን አስጠበቅሽው" አላት ዘንዶ ያዡ። "እኔ እንኳ ከነክንፌ በሰዓቱ ደርሻለሁ።"

አልፋው ሄደች። ካባውን ንጉሡ ትከሻ ላይ ጣለችና እጥፋቱን ትንሿ ጣት ላይ እንዲያርፍ አድርጋ አስተካከለችው።

ትዕይንት ከትዕይንት እንዳይጣረስ የምትጠብቀው ሴት ፎቶዎቿን ይዛ መጣች። "ዓይናማዋ" ነው የሚሏት፤ የተፈታ የጫማ ክር ከሩቅ የምትለይ ሴት ናት። ካባውን ዞረችው። ደረቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"እሜቴ፣ ይቺ ጣት ትላንት እንዲህ ወጣ ያለች ነበረች?"

"ጨርቁ ሌሊት ሲደርቅ ተሳቦ ይሆናል።"

ዓይናማዋ ፎቶውን አየች፣ እሷን አየች። አብረው ስንት ፊልም ሠርተዋል። "አንቺ ካልሽ እሺ" አለችና አለፈች።

ይህች ቃል ከስድብ ይልቅ ቆረጠቻት።

ከሩቅ የሚነሳው ምስል በሰላም አለቀ። ንጉሡ ከጭቃው ተነሳ፣ ቢጫውን ኳስ ረገመ፤ ጦረኞቹም ጮሁ። ትንፋሿን ገና ስትለቅ አዘጋጁ ከመቀመጫው ተነሳ።

"ያቺን የእጅ አሻራ በቅርብ አምጡልኝ" አለ። "ደረቱን ብቻ። ወንድሙ ከሞተም በኋላ እንደያዘው ነው፣ አልለቀቀውም። ፊልሙ ያለው እዚያች ላይ ነው።"

ካሜራውን ወደ ንጉሡ ገፉት። በዚህ ቅርበት እጥፋት የሚሸፍነው ነገር የለም። የትላንቱና የዛሬው ምስል አንድ ቀን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደግሞ፣ "አንቺ የት ነበርሽ?" ተብላ የምትጠየቀው ዓይናማዋ ናት። አሁን ብትናገር ግን ባሏ ለምሳ አብሯቸው አይቀመጥም።

"ጸጥታ!" ተባለ። ፈረሱ እንኳ ዝም አለ። ከዚህ ቃል በኋላ ከአዘጋጁና ከረዳቱ በቀር ማንም ቃል አይተነፍስም።

ዞር ብላ ባሏን ፈለገችው። ከጦረኞቹ ጀርባ፣ ከስፖንጁ ግንብ ሥር ብቻውን ቆሟል። ሊነግራቸው ፈልጎ እሷ ዝም ያሰኘችው ሰው ካሜራውን ያያል። ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ኪሱ ውስጥ ከትቶታል።

ጣቷ የሬዲዮው ቁልፍ ላይ አረፈች።

"ከአልባሳት ነው" አለች። ድምፅዋ በየሰዉ ወገብ ላይ ባለው ሬዲዮ ሁሉ አስተጋባ። "ቀረጻው ሳይጀመር አንዴ ጠብቁ። ካባው ታጥቧል።"

የአልባሳት ኃላፊዋ ከድንኳኗ ወጥታ ወደ እሷ ማየት ጀመረች። ዓይናማዋ ፎቶዎቿን ደረቷ ላይ ያዘች። እሷ ግን ወደ ማንኛቸውም አልሄደችም። በጦረኞቹ መሃል አልፋ ግንቡ ሥር ደረሰች።

"እጅህን አውጣ" አለችው።

"ቀለሙ ገና አለቀቀም።"

"አውጣው ግዴለም።"

አወጣው። ጥፍሮቹ ሥር ቀይ ነው። በተጣመመችው ጣት በኩል ያዘችውና፣ ሠራዊቱ ሁሉ እያያቸው፣ ወደ ኃላፊዋ ይዛው ሄደች።