ጣሪያው ላይ ያሉት ወንበሮች

ሠዓሊው የቤታቸውን የምግብ ክፍል ስድስት ወንበሮች ገልብጦ፣ እግራቸውን ወደ ላይ አድርጎ ጣሪያው ላይ የቸነከራቸው በተጋቡ በዓመቱ ነበር። ጋዜጣው ሁሉ ጉድ አለለት። ሚስቱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ወለል ላይ በላች፤ ልጇንም እዚያው ቁጭ ብላ አጠባች። ይህንንስ ችላው ነበር። አንጀቷን የቆረጠው እናቷ የመጡ ዕለት ነው። አሮጊቷ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ግድግዳውን ተደግፈው ሲቆሙ ጊዜ፣ "አንዷን ብቻ አውርድላቸው" ብላ ለመነችው።

"ጥበብ ላይ አይቀመጥም" አላት።

እናቷ እንደቆሙ ቆይተው እንደቆሙ ሄዱ። ዳግመኛ ያንን ደጃፍ አልረገጡም።

ተፋቱ። እሱ አገር ላገር ሲዞር ቤቱ ሙዚየም ሆነ። እሷ በር ጠባቂ ሆና ስትቀጠርበት ዘመዶቿ፣ "ምን ጎድሎብሽ ነው?" አሏት።

"አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም" አለች።

ይመጣል በተባለበት ዕለት ጠዋት፣ ቤቱ ውስጥ ያለችውን ብቸኛ መቀመጫ፣ የራሷን በርጩማ፣ መጋዘን ከታ ቆለፈችባት።

መጣ። አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል። ኃላፊው "ጋሼ፣ በዚህ በኩል" እያለ ምግብ ክፍሉ ድረስ አመጣውና ስልክ ተደውሎለት ወጣ።

"አንቺ ነሽ?" አላት ሠዓሊው፣ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ሲያያት። "አላረጀሽም እኮ!"

"ቲኬት ይዘሃል?"

ሳቀ። "ምላስሽም አላረጀም። ኧረ ባክሽ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ የምቀመጥበት ፈልጊልኝ።"

በጣቷ ወደ ጣሪያው አመለከተች። "ያውልህ፣ ሞልቷል።"

"አትቀልጂ።"

"ጥበብ ላይ አይቀመጥም።"

"እንዴት ያለች ንግግር ናት! ማን ነው ያላት?"

ረስቶታል። እሷ በስንቱ ሌሊት ያመነዠከችውን ቃል እሱ ረስቶታል። እሱም መቆም ሲያቅተው ግድግዳውን ታክኮ ቀስ እያለ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ቀና ብሎ አየ።

"ከዚህ ሲያዩት እንዴት ያምራል! ለካ አይቼው አላውቅም።"

"እኔ ጠግቤዋለሁ። እናቴ ግን ቆመው ነው ያዩት።"

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ለረጅም ጊዜ ወንበሮቹን እንጂ እሷን አላየም። በኋላ እጁን ዘረጋላት።

"ጥፋቴ ነው። በይ አሁን አንሺኝ።"

"ኃላፊው ሲመለስ ያነሳሃል። እስከዚያ ተመልከተው።"

ወጥታ መጋዘኑን ከፈተች። በርጩማዋን አወጣችና ደጃፉ ላይ፣ እሱ ሊያያት ከሚችልበት ቦታ፣ ተደላድላ ተቀመጠች።