ያልተሻገረው ጦር

«ሰውዬው አሁንም አልሄደም» አለ ኩንዱ፣ ጎንበስ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ እየገባ። «ሻይ ስንሰጠው ይጠጣል። ብላ ስንለው ይበላል። ለምን እንደተቀመጠ ግን ትንፍሽ አይልም።»

ናባላዮ ቀና ብላ አላየችም። ባሏ ዌፑኩሉ ከተቀበረ ጀምሮ ናይቤይ ከሙዙ ተክል ሥር ዱካ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ያንኑ ከተራራው ለብሶት የወረደውን አሮጌ ካፖርት እንደለበሰ። ለቀስተኛው አልቅሶ፣ ዘምሮ፣ በልቶ ወደየቤቱ ሲበተን እሱ ብቻ ቀረ።

«የሙክዋና እናት፣ ስሚኝ» አለ ኩንዱ በልጇ ስም ጠርቷት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለቤተሰቡ ስም ከነፍሱ በላይ ይሳሳል። «ነገ ፀጉር የምንላጭበት ቀን ነው። በሟቹ ላይ ነገር ያለው ሁሉ ተነስቶ ይናገራል። ይሄ ሰውዬ በሕዝብ ፊት የልጁን ሞት ቢያነሳስ? ወንድሜን የሰላም ሰው ብለን ነው የቀበርነው።»

«ያንሳ።»

«ያንሳ ትላለች! ፓስተሩ አለ፣ ከከተማ የመጡት እንግዶች አሉ!»

«አባቱ እኮ ነው፣ ኩንዱ። ልጅህን እርሳ ልበለው?»

ኩንዱ እያጉረመረመ ወጣ። ናባላዮ ባሏ ከሞተ ወዲህ እሱ የሞተበት ጓዳ ገብታ አታውቅም፤ ከሴቶቹ ጋር ሰሌን ላይ ነው የምታድረው። ሴቶቹ ሐዘን ነው ብለው ተዉአት። ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ፈርታ ነው።

የናይቤይ ልጅ ነገር የሆነው በኤልጎን ተራራ ኑሮ በከፋበት ዘመን ነው። የደን ጠባቂዎች እነናይቤይን ከአባቶቻቸው ጫካ አባርረው ጎጆአቸውን አቃጠሉ። ከታች ደግሞ ታጣቂዎች ነበሩ። ራሳቸውን «ወዳጆች» የሚሉት፣ ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች፣ ዌፑኩሉም ከእነሱ አንዱ፣ መንደር ለመንደር እየዞሩ ገበሬውን ለመኑ፤ ገበሬውም የጫካው ሰዎች ከነከብቶቻቸው በእርሻው መሃል በሰላም እንዲያልፉ እሺ አለ። ዌፑኩሉ ይህን የምሥራች ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሰምተው ጦር መሬት ላይ አጋደሙለት።

«ተሻገረውና ማል» አሉት።

«ወዳጆች አይምሉም» አላቸው። «ስምል ብቻ እውነት የምናገር ከሆነ፣ ሌላ ጊዜ እዋሻለሁ ማለት ነው። እኔ አዎ ካልኩ አዎ ነው። መንገዱ ሰላም ነው።»

የጠየቁት አንድ እርምጃ ነበር። ዌፑኩሉ ንቅንቅ አላለም። ናይቤይ ጦሩን አነሳና ሕዝቡን በሌላ መንገድ፣ በገደሉ በኩል ይዞ ሄደ። ታጣቂዎቹ እዚያ አድፍጠው ነበር፤ የበኩር ልጁ ንዲዬማ እዚያው ቀረ። በእርሻው መሃል ባለው መንገድ ያን ቀን ኮሽ ያለ ነገር አልነበረም።

ዌፑኩሉ ወጥቶ መቃብሩን አብሮ ቆፈረ። ከዚያ ወዲያ ቀሪ ዕድሜውን የሰጠው ለእነናይቤይ ጫካ ነው፤ ከቢሮ ቢሮ አብሯቸው ተንከራተተ፣ ሊቃጠሉ የተባሉ ጎጆዎች ደጃፍ ላይ ተኛ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፣ አንድ በቆሎ ለሁለት ከፍለው ይበላሉ። የንዲዬማን ስም ግን አንድም ቀን አያነሱም ነበር።

በማግስቱ ዘመዱ ሁሉ ተላጨ። ለቀስተኛውን ሊያጽናና የተጠራው ሽማግሌ በትሩን ይዞ በሰዉ መሃል እየተንጎራደደ «ነገር ያለው ይናገር» አለ።

«ገጀራዬን ተውሶኝ ነበር» አለ አንድ ጎረቤት። ገጀራው መጣለት። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ዱልዱም ነበር የሰጠሁት፣ ስሎልኛል!» ሲል ሰዉ ሳቀ።

ከዚያ ናይቤይ ተነሳ። ሳቁ ቆመ።

«የእኔ ጥያቄ ነው» አለ። «ዌፑኩሉ ስለ ጫካችን ሊመሰክር ፍርድ ቤት ሲቆም፣ መጽሐፉን ይዘህ ማል አሉት። እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ። ለዳኛው ምሎ ቢሆን ኖሮ ዓይኑን ዳግመኛ አላየውም ነበር። አልማለም። እውነቱን እናገራለሁ አለ፣ በቃ፤ እነሱም ተቀበሉት። እኔ ነኝ ያልተቀበልኩት። ሕዝቡን ወደ ገደሉ የመራሁት እኔ ነኝ። ይሄን ጥፋት ይኸው እስከ ዛሬ ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ። አብሮኝ ተሸክሞት እንደነበርና እንዳልነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። የሙክዋና እናት፣ ባለመማሉ ተጸጽቶ ያውቃል? አዎ በይኝ ወይም አይደለም በይኝ። እናንተ አትዋሹም።»

«አይደለም በይ» አለ ኩንዱ በጥርሱ መሃል።

ናባላዮ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

«ጠይቄዋለሁ» አለች። «ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው። ዛሬም ቢጠይቁኝ አልምልም አለኝ።»

ኩንዱ እፎይ አለ። ናይቤይ ራሱን ነቀነቀና ሊቀመጥ ዱካውን በእጁ ፈለገ።

«የንዲዬማ አባት፣ ይቆዩ። አልጨረስኩም።»

በልጁ ስም የጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ናይቤይ እንደጎነበሰ ቀረ።

«ከዚያ በኋላ ራሱን ሳተ» አለች። «ቀኝ እግሩን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥቶ ከፍ ያደርጋል። ከፍ አድርጎ ወደ ፊት ሊያሳርፈው ይሞክራል፣ ማሳረፊያ ያጣል። መልሰን እናስተኛዋለን፣ እንደገና ያነሳል። ለልጆቹ ጅማቱ ተሸማቅቆ ነው አልኳቸው። ዋሸሁ። ምን ሊሻገር እንደፈለገ አውቅ ነበር። ትንፋሹ እስኪቆም እንዲሁ እንዳነሳ ነበር። አሁንም ያቆመ አይመስለኝም። ጓዳ መግባት ያቃተኝ ለዚህ ነው።»

«ታዲያ አዎ ነው፣ አይደለም ነው?» አለ ናይቤይ።

«ሁለቱም ነው። ከዚህ ሌላ እውነት የለኝም።»

ዕድሜዋን ሙሉ አዎን አዎ፣ አይደለምን አይደለም እንድትል የተማረች ሴት ናት፤ አፈረች፤ ደግሞም ቀለላት። ፓስተሩ አቀርቅሯል።

«ስትቀብሩት ራሱን በየት በኩል ነው ያደረጋችሁት?» አለ ናይቤይ በመጨረሻ።

ኩንዱ በአገጩ ወደ ቤቱ በኩል አመለከተ። ናይቤይ ገና ያልደረቀውን መቃብር ዞሮ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደ። መሬት ይዞ እንደምንም ተንበረከከ፤ ከዚያ ሁለት መዳፉን በግርጌው፣ በቀኝ በኩል፣ አፈሩ ላይ አኑሮ ቀስ ብሎ ተጫነው፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው።

«በቃ» አለ። «በቃ፣ አሳርፈው።»

ናባላዮ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች። እጇን ከእጁ ጎን አፈሩ ላይ አደረገችና አብራው ተጫነች።