ዝምልታ

ትሕትና መድረኩ ላይ ቆማ ቃሏን ስትናገር፣ የብርጓል የተቀመጠችበት አግዳሚ ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች ነበር።

«ዝምልታ» አለች ልጅቷ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ረጋ ብላ። «ዝምልታ ማለት ወፍጮ ሲቆም ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ጸጥታ ነው። ሰው በሹክሹክታ ሲያወራ እንኳ የሚጮህ የሚመስልበት።»

የ1998 ሰኔ ማብቂያ ነው፤ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልጅ ያለው ሁሉ የመጣ ይመስል አዳራሹ ጢም ብሏል። ከየክፍሉ የተመረጡ ሰባት ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ብርቅ ቃል ያቀርባሉ፤ ዳኛው መዝገበ ቃላት ገልጠው ያረጋግጣሉ። ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ ካልተገኘ ልጁ ይወጣል። ከሁሉ ብርቅ የሆነውን ቃል ያቀረበ ያንኑ ወፍራም መጽሐፍ ታቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ተረኛ ትሕትና ይህን መጽሐፍ ስታልም ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥታለች። የትኛውን ቃል እንደምታቀርብ ግን ለማንም አልተናገረችም።

የብርጓል የልጅቷ ጎረቤት ናት፤ ወፍጮ ቤት አላት፤ ትምህርቷን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተወችው። ከመስከረም ጀምሮ ትሕትና በየጧቱ በወፍጮ ቤቱ በር ብቅ ብላ አዲስ ቃል ትቀበላታለች። ደንብም አላቸው፤ የተሰጠ ቃል ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስት ጊዜ ካልተነገረ በማግስቱ ሌላ የለም። በዚህ ደንብ የተነሣ ሰፈሩ ፍዳውን አይቷል። «ድርጎ» የተሰጣት ዕለት የእናቷን ሽሮ ድርጎዬ ስትል ዋለች። «ግርማ ሞገስ» የተሰጣት ዕለት የጎረቤቱ አውራ ዶሮ ባለ ግርማ ሞገስ ሆኖ አመሸ።

ጥር ላይ የብርጓል የወፍጮውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የራዲዮኑን ቃል ሁሉ አሟጠጠች። አንድ ጧት ልጅቷ በሩ ላይ ስትቆም የብርጓል ጭንቅላቷ እንደተራገፈ ጆንያ ባዶ ሆነባት። አልቆብኛል እንዳትል፣ በዕድሜዋ «እርስዎ ኮ ምሁር ነዎት» ያለቻት ይህቺው ልጅ ብቻ ናት። ያን ጊዜ መብራት ጠፋና ወፍጮው ቀጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሀል ከአፏ ያመለጣት ቃል ይኸው ነው።

ዳኛው፣ ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህር አካለ ወልድ፣ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ገጽ ገለጡ። ደግመው ገለጡ።

«የለም» አሉ። «ልጄ፣ ይህን ቃል ከየት አገኘሽው?»

«እትዬ የብርጓል ሰጡኝ።»

አዳራሹ ዞሮ የብርጓልን አያት። ማምለጫው ወዲያው መጣላት፤ የደብረ ኤልያሷ አያቴ ቃል ነው ብትል ማን ሄዶ ይጠይቃል? አያቷ ካረፉ ሃያ ዓመታቸው። ብድግ ስትል ግን ዐይኗ ከልጅቷ ዐይን ጋር ገጠመ። ነገ ጧትም እነዚያ ዐይኖች በሯ ላይ ናቸው።

«መምህር፣ እኔ ነኝ የፈጠርሁት» አለች። «የዚያን ዕለት የምሰጣት አልቆብኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅቱን አያስወጧት።»

ሳቅ ሆነ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ወይዘሮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትሕትና ከንፈሯን ነከሰች፤ የብርጓልም ልታለቅስ ነው ብላ አንገቷን ደፋች። ልጅቷ ግን ወደ ዳኛው ዞረች።

«ቃሉ መጽሐፉ ላይ ባይኖርም ነገሩ አለ» አለች። «ሌላ ስም ካለው ይንገሩኝና ይኼኛውን እተወዋለሁ።»

መምህር አካለ ወልድ «ጸጥታ» ሊሉ ነበር፤ አልሆነላቸውም። «ዝምታ»ም አልገጠመም። አርባ ዓመት አማርኛ ያስተማሩት ሰውዬ በአንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ፊት ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ይኼኔ የወፍጮ ቤቱ እህል ተሸካሚ አንለይ ከኋላ ተነሣ። በሰፈራቸው ከጥር ወዲህ ይህን ቃል የማይል እንደሌለ መሰከረ፤ አስፈጪው፣ ባለ ጋሪው፣ የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ።

«እኔማ» አለ፣ «ሚስቴ ተቆጥታ ስትጨርስ ነው የምለው።»

አሁን የተሳቀው ሳቅ ሌላ ነው። ዳኛው ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ መጽሐፉን ገልጠው ጠረጴዛው ላይ አመቻቹ፤ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

«ደንቡ ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ ይገኝ ነው የሚለው» አሉ። «እንግዲያው ይግባ። ዛሬ ከቀረበው ሁሉ ብርቁ ይኸው ነው፤ ጎደሎ መጽሐፍ አልሸልማትም። ወይዘሮ የብርጓል፣ ይምጡና ይሙሉልን።»

የብርጓል በጭብጨባው መሀል እንዴት መድረኩ ላይ እንደደረሰች አታውቅም። እስክሪብቶ ከያዘች ስንት ዘመኗ! በገጹ ኅዳግ ላይ ቃሉን ጻፈች፤ ፊደሎቹ ትልልቅና ጠማማ ሆኑ፤ ግን ቆሙ። ትርጉሙ ላይ ስትደርስ እጇን ገታችና ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

«እኔ እጽፋለሁ» አለቻት። «አንቺ ንገሪኝ።»

ትሕትና በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ ኅዳጉ ላይ የቀረውን ነጭ ቦታ በዐይኗ ለካች።